ለዛፉ የተተዉት ሰባት ፍሬዎች

ችግሩ ጦጣ ነበር። ቶሺኤ ኪታዛዋ ባሏ ሲሞት ስልሳ የፖም ዛፍና አንዲት አማት ወረሰች። የሚኖሩት በናጋኖ ተራሮች ጥግ፣ አሥራ ሁለት ቤት ባላት ትንሽ መንደር ነው። በየዓመቱ ፖሙ ቀልቶ ለመለቀም አንድ ሳምንት ሲቀረው ጦጣዎቹ ከጥዱ ጫካ ይወርዳሉ። ሌባ እንኳ የያዘውን ይጨርሳል፤ ጦጣ ግን አንዱን ፖም አንድ ጊዜ ገምጦ ይጥልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ቶሺኤ ጠዋት ስትወጣ መሬቱ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ በተገመጡ ፖሞች ተሸፍኖ ታገኘዋለች።

ሌላው መንደርተኛ ርችት ይተኩሳል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ይራገማል። ቶሺኤ ደብተር ገዛች።

የሠራችው ሥራ በእውነቱ የሚያስደንቅ ነው። በየገጹ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የበረዶውን ጥልቀት፣ ከየት አቅጣጫ እንደመጡ፣ ስንት እንደሆኑና ምን እንደበሉ ትጽፋለች። መቁጠሩ ከሁሉ ይከብዳል። ዛፍ ላይ ያለ ጦጣ አይቆጠርም፤ አንዱን ሦስቴ ትቆጥሪውና ሦስቱን ትዘልያለሽ። ስለዚህ በመስኖው ቦይ ላይ የተጋደመ ግንድ ፈለገች። ጦጣ ውሃ ሲሻገር አንድ በአንድ ነው የሚያልፈው። ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀምጣ አንዱ ባለፈ ቁጥር አንዲት ባቄላ ጣሳ ውስጥ ትጥላለች። ቤት ስትገባ ባቄላውን ትቆጥራለች፤ አርባ ሦስት። በሚቀጥለው ሳምንትም አርባ ሦስት። ትክክል መሆኗን ባወቀች ቀን ብቻዋን ወጥ ቤት ውስጥ አጨበጨበች።

መልካቸውንም ለየች። መንጋውን የምትመራው ግራ ዓይኗ የተከደነ አሮጊት ሴት ጦጣ ናት። እሷ ከሄደች ሁሉም ይሄዳል፣ ከተቀመጠች ሁሉም ይቀመጣል። ቶሺኤ “አማቴ” የሚል ስም አወጣችላት።

“ማንን ነው አማቴ የምትዪው?” አለች እውነተኛዋ አማት፣ ሐሩኖ፣ ደብተሩ ሲነበብላት።

“ያቺን ዓይኗ የተከደነባትን ነው፣ እናቴ።”

“ምን አመሳሰለን?”

“ቀድማ ትበላለች፤ በልታ ስታበቃ ታጉረመርማለች።”

“እኔማ ጥርስ የለኝም። ቀድሜ ብጀምርም መጨረሻ የምነሳው እኔ ነኝ” አለች ሐሩኖ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሦስት ክረምት እንዲህ ሆነ። ቶሺኤ የመንደሩን ካርታ በትልቅ ወረቀት ሣለችና የጦጣዎቹን መንገድ በቀይ እርሳስ አሰመረችበት። ከወረዱባቸው መቶ ሰባት ጊዜያት ሰማንያ ስምንቱ በጌንዞ ማቺዳ የፖም እርሻ በኩል ነበር። ጌንዞ ሚስቱ የሞተችበት የሰባ ስምንት ዓመት ጎረቤት ነው። ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ መሰላል አይወጣም፤ ፖሙ ሳይለቀም ዛፉ ላይ ይበሰብሳል፣ በረዶም ይወርድበታል። የግብርና ባለሙያዎች ደግሞ በየዓመቱ እየመጡ የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ ዛፍ ላይ ፍሬ አትተዉ፣ የተተወ ፍሬ ለአውሬ የተዘረጋ ገበታ ነው።

በመንደሩ አዳራሽ፣ በላምባ ምድጃው ዙሪያ፣ ሁሉም ሰሌኑ ላይ ተንበርክኮ በተቀመጠበት ስብሰባ ቶሺኤ ካርታዋን ሰቅላ አርባ ደቂቃ ተናገረች። ጌንዞ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ሰማት። ስታበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

“የኔ ዛፎች ባይኖሩ አይመጡም ማለት ነው?”

“ቁጥሩ እንደዚያ ይላል።”

“ቁጥሩ ካለማ” አለና ግንባሩ ሰሌኑን እስኪነካ ጎንበስ ብሎ መላውን መንደር ይቅርታ ጠየቀ።

ዛፍህን ቁረጥ ያለው ሰው የለም። በእንዲህ ያለ መንደር ቁረጥ አይባልም፤ “እናግዝዎት” ነው የሚባለው። በሳምንቱ ስድስት ጎረቤቶች መጋዝ ይዘው ሊያግዙት መጡ። ጌንዞ የመጀመሪያው ዛፍ እንደወደቀ ጉቶው ላይ ብርጭቆ ደርድሮ ራሱ ሻይ ቀዳላቸው። በፀደይ ሴት ልጁ ሱሚኮ ወደ ማትሱሞቶ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ ወሰደችው።

በዚያ ዓመት መከርም ጦጣዎቹ መጡ። “የለመደ እግር ነው፤ ጊዜ ስጡት” አሉ የመንደሩ ሰዎች። ቶሺኤ ግን ቁጥሯ ሲሳሳት እንቅልፍ አይወስዳትም። የመጀመሪያው በረዶ በወረደበት የታኅሣሥ ጠዋት ቦዩን ትታ፣ ከዚያ በፊት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ በራሷ ግቢ የዕቃ ቤት ውስጥ ተደብቃ ጠበቀች።

አሮጊቷ ጦጣ የጌንዞን ጉቶዎች አንዱንም ሳታይ አለፈች። አጥሩን ዘለለች፣ ወደ ግቢው በር መጣችና በሩ አጠገብ ያለውን የካኪ ዛፍ እስከ ጫፉ ወጣች። እዚያ፣ ቅጠሉ በረገፈው ዛፍ አናት ላይ፣ ቲማቲም የመሰሉ ሰባት ብርቱካናማ ፍሬዎች በረዶ ተሸክመው ተንጠልጥለዋል። አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ሰባተኛውን ስትጨርስ ጣቷን ላሰች።

ካኪ ሲለቀም ጫፍ ላይ ጥቂት ፍሬ ይተዋል። ለዛፉ ነው፤ በሚመጣው ዓመት እንዲያፈራ። የዛፉ ጠባቂ ይሉታል። በኪታዛዋ ቤት ሰባት የሚተወው ከሐሩኖ አማት አማት ዘመን ጀምሮ ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ የተረፈ ፍሬ ሲያራግፍ ሐሩኖ ሰባቱን ተወች፤ ማንም ቃል አልተናገራትም። የግብርና ባለሙያዎቹም የተተወ ፍሬ እየፈለጉ መንደሩን ሲዞሩ በዛፉ ሥር አለፉ፤ አንደኛው ቀና ብሎ “ዛሬም የሚተው ቤት አለ፤ ደስ ይላል” ብሎ ሄደ። ቶሺኤ ደግሞ በሦስት ዓመት ደብተር ውስጥ “የበሉት” በሚለው ዓምድ ካኪ ብላ አንድም ጊዜ አልጻፈችም። የተተወ ፍሬ አልነበረማ፤ የተሰጠ ነበር። የሰጡትን ማን ይቆጥራል?

የዚያን ቀን ካርታውን ዘርግታ ቀይ መስመሮቹን በጣቷ ተከተለች። ሰማንያ ስምንቱ በጌንዞ እርሻ ያልፋሉ። ያልፋሉ እንጂ አይቆሙም። እርሻው በጫካውና በኪታዛዋ በር መካከል ያለ መንገድ ነበር። አሮጊቷ ጦጣ ከመከር ጀምራ ካኪው በስሎ እንደሆነ ልታይ ትመላለሳለች፤ የመንደሩ ፖም ለመንጋዋ የመንገድ ስንቅ ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንደ ቶሺኤ ላለችው ነው።

ያኔ ጌንዞ በሕይወት ነበር። ማትሱሞቶ በባቡር አንድ ሰዓት ነው። ቶሺኤ አልሄደችም። ለራሷ የሰጠችው ምክንያት የጠንቃቃ ሰው ምክንያት ነው፤ አንድ ቀን አይቶ መናገር አይገባም፣ መጀመሪያ ላረጋግጥ አለች። የካቲት ሲያልቅ ጌንዞ መሞቱ ተሰማ።

በሚቀጥለው ዓመት አረጋገጠች። ሐሩኖ ዓይኗ እየደከመ ስለነበር ቶሺኤ ሰባቱን ፍሬ በቀርከሃ ዘንግ አወረደችና በቦታቸው ሰባት ብርቱካናማ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ በክር አንጠለጠለች። ጦጣዋ ወጣች፣ አንዱን ኳስ ነከሰች፣ ተፍታ ወረወረችው። ጥቂት ቀን ተመላለሰች፤ ከዚያ ቀረች። በቀጣዩ መከር መንጋው ወደ ሌላ ሸለቆ ሄደ። ሐሩኖ በየማለዳው በረንዳ ላይ ተቀምጣ እጆቿን አጋጥማ ለኳሶቹ ትሰግዳለች።

ችግሩ ተፈታ። መንደሩም “የጌንዞ ዛፎች መቆረጣቸው በጀን፤ ጊዜ ይፈልግ ነበር እንጂ” አለና ቶሺኤን አመሰገነ። እሷም ጎንበስ ብላ ምስጋናውን ተቀበለች።

ስለ ጦጣ እንደ እሷ የሚያውቅ ስለሌለ ክረምት ክረምት እንግዳ ትወስድ ጀመር። አንድ መኪና፣ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ቀን፤ ጠዋት ፍልውሃ ውስጥ የሚነከሩትን ጦጣዎች፣ ከሰዓት በኋላ የዜንኮጂን ቤተ መቅደስ። እንግዶቿ ይወዷታል። የትኛዋ እናት ከየትኛዋ እንደምትበልጥ፣ ሙቁን ቦታ ማን ለማን እንደሚለቅ ስትነግራቸው ብርዱን ይረሱታል።

ባለፈው የካቲት ናካታኒ በሚል ስም አንዲት ሴት ለብቻዋ እንድታስጎበኛት ቀጠሮ ያዘች። ባቡር ጣቢያው በር ላይ የቆመችው ሃምሳዎቹን ያለፈች ሴት ናት፤ በሐምራዊ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር በሁለት እጇ ይዛለች። አንገቷን ልክ እንደ ጌንዞ ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ ስታያት ቶሺኤ እርምጃዋን ገታች።

“ቶሺኤ ሳን፣ አላወቁኝም?” አለች፣ “ሳን” የሚለውን የአክብሮት ቃል ጨምራ።

“ሱሚኮ ሳን።”

“የማቺዳ ልጅ። በባሌ ስም ስለያዝኩ ይቅርታ። ቦታ የለም እንዳይሉኝ ብዬ ነው” ብላ ሳቀች። “የአባቴ ሰባተኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። አስከሬኑ ሲቃጠል ከተረፈው ትንሽ አጥንቱን ለቤተ መቅደሱ አደራ ልሰጥ ይዤ መጣሁ። መጀመሪያ ግን ጦጣዎቹን ልይ። ስለ ጦጣ ከኪታዛዋ ምራት በላይ የሚያውቅ የለም ይል ነበር።”

መኪናው በበረዶው መሀል እየወጣ ሱሚኮ አወራች።

“እኛ ቤት ከመጣ ጀምሮ በረንዳ ላይ የመንደሪን ልጣጭ እንኳ እንድንተው አይፈቅድም ነበር። አራተኛ ፎቅ ነው እኮ! ልጆቼን ‘የተተወ ፍሬ ጎረቤት ያጠፋል፣ እኔን አያችሁኝ?’ እያለ ይቆጣል። ታናሺቱ ‘አያቴ፣ ጦጣ ሊፍት መጥራት ይችላል?’ አለችው።”

“ምን አላት?”

“‘አንድ ጊዜ ከመገብሽው ይማራል’ አላት። አልሳቀም።”

ቶሺኤ የመስታወቱን መጥረጊያ አፈጠነች።

ከመኪናው ወርደው በጫካው መንገድ ግማሽ ሰዓት ተጓዙ። እንፋሎቱ ከሩቅ ታየ። ጦጣዎቹ እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ቅንድባቸው ላይ በረዶ አርፎ፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሺኤ የምታብራራው ጠፋት። ሱሚኮ የተጠቀለለውን ነገር ከፍ አድርጋ ውሃውን አሳየችው፤ ለሕፃን ልጅ እንደሚደረገው።

“አባዬ፣ እነሱ ናቸው።” ከዚያ ዞር አለች። “የኛን ፖም የበሉት እነዚህ ናቸው አይደል?”

“አይደሉም። የኛዎቹ ሌላ መንጋ ናቸው። ፍልውሃ አያውቁም።”

“ወይ አባዬ! ሊቀየማቸው የመጣው የማያውቃቸውን ነው” አለች ሱሚኮ፤ ሳቋ በእንፋሎቱ ውስጥ ቀረ።

ቶሺኤ በዚያች ቅጽበት ልትናገር አፏን ከፈተች። ሦስት ሰዎች ፎቶ ሊያነሱ በመሀላቸው ገቡ። ዘጋችው።

ምሳ ላይ በትኩስ ሾርባ የቀረበ፣ ሶባ የሚባል ፓስታ መሰል ምግብ በሉ። እዚያም አልተናገረችም፤ ሰው ምግቡን ይጨርስ አለች። ቤተ መቅደሱ ሲደርሱ ሱሚኮ በሰው እጅ ተዳብሶ የለሰለሰውን የእንጨት ሐውልት ጉልበቶቹን አሻሸች። የታመመውን የሰውነት ክፍል ማሸት ነው ልማዱ።

“የማን ጉልበት ነው የሚያመው?” አለች ቶሺኤ።

“የሱ። ዘግይቻለሁ መሰለኝ።”

ከዋናው መሠዊያ በታች ጨለማ መተላለፊያ አለ። እጅ ፊት ላይ ቢያደርጉት አይታይም። ቀኝ እጅን በወገብ ልክ ግድግዳው ላይ እያስኬዱ ይጓዛሉ፤ አንድ ቦታ የብረት ቁልፍ አለ። ያገኘው ሰው ከሞት በኋላ መንገዱ ይቀናለታል። ቶሺኤ በመቶ የሚቆጠሩ እንግዶችን እዚያ አስገብታለች፤ ቁልፉ ከስንተኛው እርምጃ በኋላ እንደሆነ ታውቃለች። ዛሬ እርምጃ አልቆጠረችም። ፊት በማይታይበት ቦታ ይቀላል ብላ ወስናለች። ሱሚኮን አስቀድማ ገባች፤ ከፊቷ የሚሄደውን የእግር ኮቴ እየሰማች ጀመረች።

“ያባትዎ ዛፎች አልነበሩም” አለች ወደ ጨለማው። “የኛ ካኪ ነው። በራችን ላይ የተውናቸው ሰባቱ ፍሬዎች። ካርታዬ ስህተት ነበር። ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ዛፎቹን ያስቆረጥኩት በከንቱ ነው።”

ኮቴው ቆመ።

“ይቅርታ፣ እኔን ነው?” አለ የወጣት ወንድ ድምፅ። “እኔ እንኳ የኦሳካ ልጅ ነኝ። ዛፍ የለኝም።”

ወዲያው ከቶሺኤ ኋላ፣ ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ፣ ቁልፉ ኳ ኳ አለ። ሱሚኮ ቆማ ስትዳብስ ቶሺኤ አልፋታለች፤ ቁልፉንም ሳትነካ አልፋዋለች።

“ሰምቻለሁ” አለች ሱሚኮ።

ብርሃን ላይ ሲወጡ የሱሚኮ ፊት ጠዋት እንደነበረው ነው። ጫማዋን እያሰረች ጠየቀች።

“መቼ ነው ያወቁት?”

“ዛፎቹ በተቆረጡበት ዓመት። ታኅሣሥ ላይ።”

“አባቴ የሞተው በየካቲት መጨረሻ ነው።”

“አሥር ሳምንት” አለች ቶሺኤ። ቁጥሩ ሳትጠየቅ ነው ያመለጣት።

“ቆጥረውታል ማለት ነው።”

“ገና አላረጋገጥኩም ነበር።”

“በስብሰባው ጊዜስ አረጋግጠው ነበር?”

ሱሚኮ የተጠቀለለውን አነሳች።

“አሁን የነገሩኝ ለኔ አይደለም፤ ለጨለማው ነው። አዳራሹ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየዎት፣ አርባ ደቂቃ ተናግረዋል። አባቴ ግንባሩን መሬት ያስነካው እዚያ ነው። እዚያው ይናገሩት። አጥንቱን ብቻዬን እሰጣለሁ፤ ወደ ጣቢያውም በእግሬ እሄዳለሁ። ስለ ጦጣዎቹ አመሰግናለሁ።”

ጎንበስ አለች፤ በወጉ፣ ለእንግዳ አስጎብኚ የሚገባውን ያህል። ሄደችም።

ቶሺኤ በማግስቱ ወደ መንደሩ ሊቀ መንበር ወደ ኦጊሶ ቤት ሄዳ፣ ነገሩን ሁሉ ነግራው፣ በስብሰባው ላይ ጊዜ እንዲሰጣት ጠየቀች።

“ቶሺኤ ሳን፣ የተቆረጠ ዛፍ በንግግር አይበቅልም” አለ ኦጊሶ። “ደግሞስ መጋዝ የያዝነው ስድስታችን ምን ልንባል ነው? ይልቅ ሻይ ይጠጡ።”

በሚያዝያ ጠየቀች፤ አጀንዳው ሞልቶ ነበር። በሐምሌ ጠየቀች፤ የበዓል ዝግጅት ነበር። በመከር ስትጠይቅ ኦጊሶ “ሐሩኖ ሳን በዘጠና አንድ ዓመታቸው ይህን ሊሰሙ ይገባል?” አለ። እዚህ ላይ ልክ ነበር፤ ሐሩኖ አታውቅም።

ቶሺኤ ያን ቀን ኳሶቹን አወረደችና በአማቷ ጭን ላይ አስቀመጠቻቸው። ሁሉንም፣ ከደብተሩ እስከ አሥሩ ሳምንት፣ ነገረቻት። ሐሩኖ አንዱን ኳስ አንስታ ለረጅም ጊዜ በጣቷ አንከባለለችው።

“ኳስ መሆናቸውን አውቅ ነበር። ነፋስ ሲመጣ ፍሬ እንዲህ አይዘልም።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?”

“አንቺ ለምን ዝም አልሽ?” አለች ሐሩኖ። ኳሱን አስቀምጣም፦ “ጌንዞ ልጅ ሳለ ከዚያ ዛፍ ካኪ ሲሰርቅ ይዤው አውቃለሁ። ‘ታች ያለውን ብላ፤ ጫፉን ግን እንዳትነካ፣ የዛፉ ነው’ አልኩት። አልነካም። ሂጂ ንገሪያቸው። የኔንም ስም ጨምሪበት።”

አዳራሹ ዛሬም አልተከፈተላትም። ስለዚህ ቶሺኤ አሁን የምትሞክረው ቤት ለቤት ነው። አዲስ ካርታ ሠርታለች፤ ቀዮቹ መስመሮች የጌንዞን እርሻ አልፈው በራሷ በር ላይ ይቆማሉ። የእሷና የጌንዞ ባዶ ቤት ሲቀነሱ አሥር ቤት ይቀራል፤ አራቱን አዳርሳለች። በአንደኛው ቤት “ያለፈ ነገር ነው” አሏት፤ በሁለተኛው ስለ አየሩ ጠየቋት፤ በሦስተኛው አለቀሱ፣ ለጌንዞ ይሁን ለራሳቸው አልለየችም። በአራተኛው ካርታውን በአክብሮት አይተው መልሰው ጠቀለሉላት።

አምስተኛው መጀመሪያ መጋዝ የያዘው ሰው ቤት ነው። ሁለቴ ሄዳ “የሉም” ብላታለች ሚስቱ፤ ጫማው ግን በሩ ላይ ነበር። ዛሬ ጠዋት በረዶ እየጣለ ለሦስተኛ ጊዜ ሄደች። በሩ አልተከፈተም። ጫማው አለ። ቶሺኤ ደጃፉ ላይ ተንበረከከች፣ ካርታውን በተዘጋው በር ፊት ዘረጋች፣ አራቱን ጥግ በአራት ድንጋይ ያዘች፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማብራራት ጀመረች።